ለማይታይ ሕመም ምስክሩ ማን ነው?

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ሲኖር ከባልንጀራው ጋር የማይካፈለው ነገር ጥቂት ነው። እንጀራውን ይካፈላል፤ ቤቱን ይካፈላል፤ ደስታውንና ኀዘኑን እንኳ ሰርገኛና ለቀስተኛ ጠርቶ ይካፈላል። ሕመሙን ግን ለማንም ሊያካፍል አይችልም። የታመመው ሰው «አመመኝ» ብሎ ይናገራል እንጂ ሕመሙን አውጥቶ በመዳፉ ላይ አያሳይም። ሰሚውም ቃሉን ይሰማል እንጂ ሕመሙ አይሰማውም። ከዚህ የተነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም፥ በዓይናችን ላላየነው፥ በእጃችን ላልዳሰስነው፥ በመሣሪያም ላልተመዘገበው የሌላ ሰው ሕመም ያለብን ግዴታ ምንድን ነው? ማመን ነውን? ወይስ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ መጠራጠር?

ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ጥያቄው በየቀኑ በሐኪም ቤት ደጃፍ፥ በትምህርት ቤት ክፍልና በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ፊት የሚነሣ ነው። ከሁሉም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሐኪሞች አንጃይና በሚሉት የልብ ሕመም ላይ ስለ ሆነ፥ ነገሩን በዚሁ በሽታ መርምሮ ማየት ይጠቅማል።

ልብ ለሌላው አካል ሁሉ ደም ስታከፋፍል ራስዋ የምትመገብባቸው የደም ሥሮች አሏት፤ እነዚህም ኮሮናሪ ይባላሉ። በዕድሜ ብዛት፥ በትንባሆ፥ በስኳር በሽታ፥ በደም ግፊትና በደም ውስጥ ባለ ስብ ምክንያት እነዚህ ሥሮች ሲጠብቡ፥ ሰውየው ዐርፎ ሳለ ይበቃት የነበረው ደም ዳገት ሲወጣ፥ ሸክም ሲያነሣ ወይም ሲቈጣ አይበቃትም። በዚያን ጊዜ ልብ ኦክስጅን ተርባ ትጮኻለች፤ ጩኸትዋም ሕመሙ ነው። ሕመሙ እንደ ውጋት የሚወጋ ሳይሆን ደረትን የሚጫን፥ የሚጨመድድና የሚያፍን ነው። አንዳንድ ጊዜ ወደ ግራ ክንድ፥ ወደ አንገት፥ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ይዛመታል። ሰውየው ሲያርፍ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይተወዋል። ከተወው በኋላ ግን በአካሉ ላይ አንዳች ምልክት ላይተርፍ ይችላል።

ይህን በሽታ በሚገባ ጽፎ ስም ያወጣለት ዊልያም ሄበርደን የተባለው የለንደን ሐኪም ነው። ጽሑፉን በ1768 በሐኪሞች ኮሌጅ አነበበው፤ በ1772ም ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተጨመረባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያወጣለትም የላቲን ስም ትርጓሜው የደረት መታነቅ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሄበርደን የልብን ድምፅ የሚያዳምጥበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ይህ መሣሪያ የተገኘው በ1816 ነው። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረውንም መሣሪያ አይንትሆፈን የተባለው የሆላንድ ሊቅ የሠራው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፥ በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እንግዲህ ሄበርደን በሽታውን ያወቀው በምንድን ነው? በሽተኞቹ የነገሩትን ቃል አምኖ፥ የአንዱን ቃል ከሌላው ቃል ጋር አስተያይቶ ነው። ስለዚህ አንጃይና በመሣሪያ ሳይሆን በማድመጥ የተገኘ በሽታ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሆኖም የሄበርደን ማድመጥ ወሰን ነበረው። በዚህ ሕመም ሲሠቃዩ ካያቸው መቶ ከሚያህሉ ሰዎች መካከል ሴቶቹ ሦስት ብቻ እንደ ነበሩ ጽፎአል። በዘመናችን ግን ይህ በሽታ ሴቶችንም እጅግ አድርጎ እንደሚያጠቃ በሚገባ ታውቋል። ሴቶች እንደ ወንዶቹ ሁሉ የደረት ሕመም ይሰማቸዋል፤ ከዚያም በላይ ድካም፥ የትንፋሽ ማጠር፥ ማቅለሽለሽና የመንጋጋ ሕመም ይበዛባቸዋል። በዚህም ምክንያት ሕመማቸው የሆድ ነው፥ የሐሳብ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ታልፏል። ከዚህ የምንማረው፥ እምነታችን ሁልጊዜ ለሰው ሁሉ እኩል እንደማይሰጥ ነው። ቃሉን ልንሰማ የለመድነውን ሰው ፈጥነን እናምናለን፤ ያልለመድነውን ግን ማስረጃ አምጣ እንለዋለን።

«መሣሪያ ከመጣ በኋላስ ማመን ለምን ያስፈልጋል? መሣሪያው እውነቱን ይናገር የለምን?» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ሕመሙ ባለፈ ጊዜ ሲነሣ፥ በሽታው እያለ ንጹሕ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። መሣሪያው የሚመሰክረው በዚያች ደቂቃ ስላየው ነገር ብቻ ነው። ትናንት ማታ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ደረትዋን ስለ ያዛት ሴት ሊመሰክር አይችልም። ለዚያ ምስክርዋ ራስዋ ብቻ ናት።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ አድርገን እንመልከተው። ደገሀቡር በጀረር ሸለቆ፥ ከጅጅጋ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ተረኛ ሆና ሳለ፥ ግመል ሲያረቡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር መጡ እንበል። በመንገድ ላይ ደረታቸውን ይዞአቸው ነበር፤ አሁን ግን ተሽሎአቸዋል። የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። ልጃቸውም ስለ አባትዋ ሆና «ቃር ነው፤ ክኒን ይስጡንና እንሂድ» ትላለች። ሽማግሌው ዝም ብለዋል፤ በወንድነት ወግ ያደገ ሰው አመመኝ ማለት ይከብደዋልና። ነርስዋ ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው የምታየውን ብቻ አምና የቃር መድኃኒት ሰጥቶ መሸኘት ነው። ሁለተኛው ያላየችውን ለማወቅ አጠገባቸው መቀመጥ ነው።

ሁለተኛውን መንገድ የመረጠች እንደ ሆነ፥ ማመን ባዶ ርኅራኄ ሳይሆን ሥርዓት ያለው ሥራ መሆኑ ይገለጣል። በአገሩ ልማድ «አዴር» ብላ በአክብሮት ከጠራቻቸው በኋላ በተራ ትጠይቃለች። ሕመሙ የጀመረው ምን ሲሠሩ ነው? ምን ዓይነት ነው፤ ይወጋል፥ ያቃጥላል ወይስ ይጫናል? የት ጀምሮ ወዴት ይሄዳል? ከ10 ስንት ይሆናል? ስንት ደቂቃ ቆየ? ምን ሲያደርጉ ተወዎት? ላብ፥ ማቅለሽለሽ፥ የትንፋሽ ማጠር አብሮ ነበረን? እጃቸውንም ትመለከታለች፤ ብዙ የአንጃይና በሽተኞች ስለ ሕመማቸው ሲናገሩ ጣታቸውን አይቀስሩም፤ ጡጫቸውን ጨብጠው በደረታቸው ላይ ያኖራሉ። ሕመሙ በሥራ ጊዜ መጥቶ በዕረፍት የሚተው ከሆነ በአንድ ወገን ይመደባል። አዲስ የጀመረ፥ ከቀድሞው የባሰ፥ ዐርፈው ሳሉ የመጣ ወይም ከ20 ደቂቃ በላይ የቆየ ከሆነ ግን የልብ ሥር ሊዘጋ መቃረቡን ወይም መዘጋቱን ሊያመለክት ስለሚችል ነገሩ የሰዓት ሳይሆን የደቂቃ ጉዳይ ነው። ስለዚህም ነው እንዲህ ያለ በሽተኛ ከደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ እንዲነሣ የሚታዘዘው።

ቋንቋም የራሱ ወጥመድ አለው። በአማርኛ «ልቤን አጥወለወለኝ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ሆዱ ነው። በሶማልኛ ደግሞ «ላብ» ደረት ማለት ሲሆን፥ ይኸው ቃል በአማርኛ ከገላ የሚወጣው ወዝ ነው። ልብም በሶማልኛ «ዋድነ» ይባላል። ደረቱን ያመመው ሰው «ላብ» ሲል አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰሚ አልቦታል ብሎ ቢጽፍ፥ ቃሉን ሰምቶ ሰውየውን አልሰማውም። አስተርጓሚ የሆነ የቤተ ሰብ ሰውም በፍርሃት ወይም በእፍረት ቃሉን ሊያሳንሰው ይችላል። ስለዚህ ነርስዋ ለልጅቱ ምስጋና አቅርባ፥ ጥያቄውን ግን ወደ አባትየው ፊት መልሳ «ራስዎ በእጅዎ ያሳዩኝ» ማለት ይገባታል።

ደግሞ ሳይፈርዱ መጠየቅ የሚባል ሌላ ጥበብ አለ። ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ትንባሆም ከዚህ በሽታ ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ነው። ስለነዚህ ነገሮች ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻልም። ነገር ግን ጥያቄው የዳኛ ጥያቄ ከሆነ መልሱም የተከሳሽ መልስ ይሆናል፤ ተከሳሽም ይክዳል። የረመዳን ጾም በሚሆንበት ወር በሽተኛው ከምላስ ሥር የሚቀመጠውን ክኒን እንዳይወስድ ሃይማኖቱ የሚከለክለው ሊመስለው ይችላል። ይህን ፍርሃቱን የምትንቅ ነርስ መድኃኒቱን በከንቱ ሰጠች። የምታከብረው ግን፥ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ ከምላስ ሥር የሚቀመጠው የአንጃይና ክኒን፥ ወደ ጉሮሮ የደረሰው እንዳይዋጥ እስከ ተጠነቀቁ ድረስ፥ ጾም አያፈርስም ብሎ መወሰኑን ታስረዳዋለች፤ ከከተማው የሃይማኖት አባቶችም ጋር እንዲማከር ትረዳዋለች።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንድረስ። በሌላው በሽታ የሰሚው ጥርጣሬ በሽተኛውን ያሳዝነዋል። በአንጃይና ግን ጥርጣሬው ራሱ በሽታውን ያባብሰዋል። ፍርሃትና ቁጣ የልብን ምት ያፋጥናሉ፤ የፈጠነች ልብ ብዙ ኦክስጅን ትፈልጋለች፤ የጠበበው ሥር ግን ሊያደርስላት አይችልም። ጆን ሀንተር የተባለው ታላቅ የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪም ይህ በሽታ ስለ ነበረበት፥ ሕይወቱ ሊያስቈጣው በሚፈልግ ሰው እጅ እንዳለች ይናገር ነበር ይባላል። በ1793 በሚሠራበት ሆስፒታል ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሥቶ ተቃውሞ በገጠመው ጊዜ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። እንግዲህ ሕመሙን ያላመኑለት፥ ያቻኰሉትና የገሠጹት የልብ በሽተኛ የሚደርስበት ጉዳት የስሜት ብቻ አይደለም። አለማመን በልቡ ሥር ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ማመንም እንዲሁ።

በሕመሙ ጊዜ የነርስዋ ተግባር ይህን ያረጋግጣል። በሽተኛው የጀመረውን ሥራ ሁሉ እንዲተው ታደርጋለች፤ ቀና አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ ጠባብ ልብሱን ታላላለታለች። የደም ግፊቱን፥ የልብ ምቱን፥ ትንፋሹንና በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ትለካለች፤ መጠኑ ከ90 በመቶ በታች የወረደ እንደ ሆነ ኦክስጅን ትሰጠዋለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ብቻውን አትተወውም። እዚህ ላይ «አይዞህ» ስለምንለው መልካም ቃላችን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። «አይዞህ፥ እዚህ ነኝ፤ የሚሰማህን ንገረኝ» የሚለው ቃል መድኃኒት ነው። «አይዞህ፥ ምንም አይደለም» የሚለው ግን በሽተኛውን ዝም የሚያሰኝ መዝጊያ ነው። የነርስነት ሙያ እናት የምትባለው ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በ1859 ባወጣችው መጽሐፍዋ ለሕሙማን ባዶ ተስፋና ምክር የሚያዘንቡ ጠያቂዎችን አጥብቃ መውቀስዋ ለዚሁ ነው።

መድኃኒቱም ራሱ ታሪክ አለው። ናይትሮግሊሰሪን የተባለው ፈሳሽ በ1847 ሶብሬሮ በተባለ የኢጣልያ ኬሚስት ተገኘ። በ1867 አልፍሬድ ኖቤል ከእርሱ ዲናሚት ሠራ። በ1879 ዊልያም መርል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ለአንጃይና ጥቅም እንደሚሰጥ አሳተመ። ኖቤልም በተራው ልቡን በታመመ ጊዜ፥ በ1896 ሐኪሞቹ ይህንኑ የፈንጂ ቅመም ለመድኃኒት አዘዙለት። ዛሬ ክኒኑ ከምላስ ሥር ይቀመጣል፤ የደም ግፊትን ስለሚያወርድ በሽተኛው ተቀምጦ መውሰድ አለበት። ከመሰጠቱ በፊት የላይኛው የግፊት ቍጥር ከ90 በታች አለመሆኑ፥ ሰውየውም እንደ ሲልደናፊል ያለ መድኃኒት በቅርቡ አለመውሰዱ መረጋገጥ ይገባዋል። ሕመሙ ካልተወው በየ5 ደቂቃው እስከ ሦስት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የልብ ሥር መዘጋት የተጠረጠረበት በሽተኛ፥ የሚከለክለው ነገር ከሌለ፥ አስፕሪን እንዲያኝክ ይደረጋል። ክኒኑን ሙቀትና ብርሃን ስለሚያበላሹት በጥቁር ጠርሙስ ተከድኖ መቀመጥ አለበት፤ በደገሀቡር ሐሩር በሸሚዝ ኪስ ይዞ የሚዞር በሽተኛ በጭንቁ ሰዓት ኀይሉን ያጣ ክኒን ሊያገኝ ይችላል። ይህን አስቀድሞ መንገርም የአስታማሚ ሥራ ነው።

ስለ ደገሀቡርና ስለ ፈንጂ ካነሣን ዘንድ፥ የዚያች ከተማ ታሪክ የሚያስታውሰን ሌላ ነገር አለ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በደገሀቡር ላይ ቦምብ በጣሉ ጊዜ፥ ከቀይ መስቀል ጋር ቁስለኞችን ያክም የነበረው አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት ሆክማን ያልፈነዳ ቦምብ ሊያከሽፍ ሲሞክር ፈንድቶበት ሞተ። ይህ ሰው ቦምቡ ዝም ስላለ አያሰጋም ብሎ አላለፈም፤ ያልታየው አደጋ በሌሎች ላይ እንዳይደርስ ራሱ ቀረበ። በሰው ደረት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠው አደጋም እንዲሁ ነው። ዝምታው የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም።

እንግዲህ ዋናውን መቃወሚያ ሳንመልስ ማለፍ አይገባንም። «ሁሉን ካመንን አልጋው፥ መድኃኒቱና አምቡላንሱ ለማን ይደርሳል? አታላይስ አይኖርምን? ወደ ጅጅጋ፥ ወደ ካራማራ ወይም ወደ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል የሚላከው ሁሉ ነው ወይ?» ይባላል። ይህ የቀልድ ክርክር አይደለም፤ አገራችን ካላት ጥቂት ነገር ለብዙ ሰው የምታካፍል ናትና። መልሱ ግን ሁለት ነገሮችን ከመለየት ይገኛል። ማመን ሌላ ነው፤ ማደል ሌላ ነው። ማርጎ ማካፈሪ የተባለችው አሜሪካዊት ነርስ በ1968 እንዳስተማረችው፥ ሕመም የሚባለው ታማሚው ነው ያለው ነገር ነው። ይህ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። የምናምነው ለመጠየቅ ነው፤ የምንጠይቀው ለመለየት ነው፤ የምናድለውም በለየነው መጠን ነው። ሁሉን የምታደምጥ ነርስ ወደ ጅጅጋ ሊላክ የሚገባውን ከማይገባው አጥርታ ታውቃለች። የማታደምጥ ግን አምቡላንሱን የምታቈጥብ ይመስላታል እንጂ ለማን እንደምታቈጥበው አታውቅም። ደግሞ ሁለቱ ስሕተቶች አይተካከሉም። አታላዩን ያመነ ሰው ጥቂት ጊዜና አንድ ወረቀት ይከስራል። እውነተኛውን ያላመነ ግን ተመልሶ የማይገኝ ነገር ይከስራል። ሚዛኑ እንዲህ ያጋደለ ሲሆን፥ በእኩል ዓይን እጠራጠራለሁ ማለት ፍትሕ አይደለም።

ማድመጥ ትሕትናን ይጠይቃል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው በ1939 ሲመረቁ፥ የንጉሥ ልጅ መናገር የማይችል ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆማ የሚያመውን ለማወቅ መድከም ክብርን እንደማይቀንስ ለአገራቸው ሰዎች አሳይተዋል። ሕፃኑ ምስክርነቱን በቃል መስጠት አይችልም፤ ስለዚህ ምስክርነቱን መፈለግ የአስታማሚው ፋንታ ነው።

ይህ ትምህርት ለነርሶች ብቻ የተሰጠ አይደለም። መምህር «ዐይኔን ያመኛል፥ ሰሌዳው አይታየኝም» የሚለውን ተማሪ፥ ሹም «ቤቴ ችግር አለብኝ» የሚለውን ጸሐፊ፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከሩቅ አገር መጥቶ ማስረጃው የጎደለውን ባለ ጉዳይ በየቀኑ ይሰማል። ሁላችንም ማስረጃ እንድንጠይቅ ሕግ ያዘናል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ሕጉ ማስረጃ ጠይቁ አለ እንጂ አታድምጡ አላለም። ወረቀት ያላመጣ ሰው ጉዳይ የለውም ማለት፥ ኢሲጂው ንጹሕ ስለ ሆነ ሰውየው አልታመመም እንደ ማለት ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ምሳሌው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ወቀሳውን በታማሚው ላይ ብቻ ልንጭን አይገባም። ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ተናግሮ ያልታመነ፥ ወይም ሌላው ተናግሮ ሲሣቅበት ያየ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የተደበቀ በሽታ በስተጀርባ ሊሰማ ያልፈቀደ ጆሮ እንዳለ ማሰብ ይገባል። ቋንቋችን አንድን ነገር በጥንቃቄ ማስተዋልን «ልብ ማለት» ይለዋል። በደገሀቡር ያሉት ሽማግሌ ጡጫቸውን ጨብጠው ደረታቸው ላይ ሲያኖሩ፥ ከመድኃኒቱም ከመሣሪያውም በፊት ከአጠገባቸው ያለው ሰው ሊሰጣቸው የሚችለው ነገር ይኸው ነው። መድኃኒቱ ሊያልቅ፥ መሣሪያውም ሊበላሽ ይችላል። ልብ ማለት ግን በማንኛውም ቦታና በማንኛውም ደመወዝ የሚሠራ ሰው ሁሉ በእጁ ያለ ሀብት ስለ ሆነ፥ አልነበረኝም ብሎ ሊያመካኝ የሚችል የለም።